አብሽ የደከመ ጡንቻን ይጠግናል ወይ?

በዚህ እትም በጤናና ሳይንስ ዓምዳችን የምናነሳው ነገር ከማናችንም ቤት የማይጠፋ ነው። በእኛ በሐበሾችም ሆነ በሱዳኖች ዘንድ "መድኃኒት ነው" እየተባለ ይጠጣል። እኛ አብሽ እንለዋለን፣ ሱዳኖቹ ሑልባ ይሉታል።

ጥያቄውን ያመጡልን የማታ ተማሪዎቻችን ናቸው። ቀን ሲሚንቶ ሲሸከሙ፣ ጡብ ሲያቀብሉ፣ ሰው ቤት ልብስ ሲያጥቡ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሻይ ሲሸጡ የዋሉ ሰዎች ማታ ደብተራቸውን ይዘው ሲመጡ ወገባቸውንና ትከሻቸውን እየያዙ ነው የሚቀመጡት። አንዱ "አብሽ ጠጣ፣ ጡንቻህን ይጠግንልሃል" ይላል። ሌላው "ስንት ጊዜ ጠጥቼ ምንም አላየሁም እኮ!" ይላል። ሌላዋ ደግሞ "እናቴ ከወሊድ በኋላ የተነሳችው በእሱ ነው" ብላ ትከራከራለች። ታዲያ ልክ ማን ነው?

ነገሩ የቀልድ አይደለም። የየውሚያ ማለትም የቀን ሥራ ለሚሠራ ስደተኛ ሀብቱ ጉልበቱ ብቻ ነው። ጉልበቱ ሲታመም የቤት ኪራዩም የልጆቹ ራትም አብሮ ይታመማል። ያቺን ያገኛትን ገንዘብ ደግሞ በማይረባ ነገር ላይ ካዋላት ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሳይንሱ ምን እንደሚል በሚገባን ቋንቋ ለማቅረብ ሞክረናል። ከመካከላችን ባዮሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ያቋረጥን አለን፤ ሐኪሞች ግን አይደለንም። የምንጽፈው ለትምህርት እንጂ በሐኪም ምትክ አይደለም። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አብሽ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው አብሽን ከቅመማ ቅመም ጋር ይቆጥረዋል። በዘሩ ግን የባቄላ፣ የአተርና የምስር ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ ይወጣል፤ ፍሬው በቀጭንና በረጅም ቆባ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል፤ ቢጫ ወደ ቡኒ የሚያደላና እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። የሳይንስ ስሙ ትሪጎኔላ ፌኑም ግሬኩም ሲሆን፣ የኋለኞቹ ሁለት ቃላት በላቲን "የግሪክ ድርቆሽ" ማለት ናቸው። ለከብት መኖ ስለሚውል የተሰጠው ስም ነው። በትግርኛ አባዕከ ይባላል። የሐረር ሰዎች ሑልበት መረቅ የሚሉት ምግብ አላቸው፤ ስሙ ከዐረብኛው ጋር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል።

የአብሽ ታሪክ ከዓባይ ወንዝ ጋር የቆየ ነው። በ1922 በግብፅ የተከፈተው የንጉሥ ቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የአብሽ ፍሬዎች ተገኝተዋል። በሀገራችን ደጋማ ቦታዎች ይበቅላል፤ ቅቤ ሲነጠር ይጨመራል፣ ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ይፈጫል፣ በማር ተመትቶ ይጠጣል። ሱዳኖች ደግሞ ከወተት ጋር አፍልተው ይጠጡታል፤ ለአራስ ሴት መዲደት ሑልባ የሚባለውን ወፈር ያለ አጥሚት ይሠሩበታል። ካርቱም ዴም እስከ ኤፕሪል 2023ቱ ጦርነት ድረስ የኖርን ሰዎች እናስታውሰዋለን፤ ከሐበሻ ምግብ ቤቱ ወጥቶ ወደ አጣሩ (የቅመምና የመድኃኒት ቅጠል ነጋዴው) ሱቅ ለሚገባ ሰው፣ አብሽ ሁለቱንም ሕዝብ የሚያግባባ ነገር ነበር። "ሑልባ" ቢሉም "አብሽ" ቢሉም የሚሰፈረው ያው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ገዳሪፍና ወደ ከሰላ የወጣውም ሰው ልማዱን ይዞ ነው የወጣው።

ጡንቻ እንዴት ይጎዳል? እንዴትስ ይጠገናል?

አብሽ ይጠግናል አይጠግንም ከማለታችን በፊት መጀመሪያ ጥገናው ራሱ ምን እንደሆነ እንወቅ።

ጡንቻ እንደ ገመድ ነው። ገመድ ከብዙ ክር እንደሚሠራ ሁሉ ጡንቻም ክር ከሚመስሉ ረጃጅም ሴሎች የተሠራ ነው። ያልለመድነውን ሥራ ስንሠራ፣ በተለይም ሸክም ይዘን ደረጃ ስንወርድ ወይም ከባድ ዕቃ ቀስ አድርገን ወደ መሬት ስናወርድ፣ በነዚህ ክሮች ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉዳቶች ይደርሳሉ። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም። በማግስቱ ይጀምርና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከዚያ እየለቀቀ ይሄዳል። ብዙ ሰው "አሲድ ተጠራቅሞብኝ ነው" ይላል። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ግን ሥራው ባበቃ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከጡንቻው ይጠፋል፤ የማግስቱን ሕመም የሚያመጣው እሱ አይደለም።

ጉዳቱ እንደደረሰ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ይመጡና የተበላሸውን ይጠርጋሉ። ቦታው ትንሽ ማበጡና ማመሙ ከዚህ የተነሳ ነው። ቀጥሎ ከጡንቻው ክር ዳር ተጣብቀው የተኙ ትናንሽ ሴሎች ይነቃሉ። እነዚህን ሴሎች በ1961 አሌክሳንደር ማውሮ የተባለ ሳይንቲስት የእንቁራሪት ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር አገኛቸው፤ ዋናውን ክር ከዳር ሆነው ስለሚያጅቡት ሳተላይት ሴል ተባሉ። ሲነቁ ይባዛሉ፣ ከተጎዳው ክር ጋር ይዋሃዳሉ፣ ያድሱታል። ክሩ ከቀድሞው ጠንከር ብሎ ይወጣል። ሥራ የለመደ ሰው ጡንቻው የሚጠነክረው በዚህ መንገድ ነው።

ግንባታ ላይ የሚውሉ አንባቢዎቻችን ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ግንበኛው ሳተላይት ሴሉ ነው። ጡቡ ፕሮቲን ነው። የግንበኛው ምሳ ከእህልና ከቅባት የምናገኘው ኃይል ነው። የሥራ ሰዓቱ ደግሞ ዕረፍትና እንቅልፍ ነው። ከነዚህ አንዱ ከጎደለ ግድግዳው አይቆምም። እስቲ አሁን አብሽ ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ እንይ።

አብሽ ውስጥ ምን አለ?

አንድ የሾርባ ማንኪያ የአብሽ ፍሬ 11 ግራም ያህል ይመዝናል። ከዚህ ውስጥ ፕሮቲኑ 2.5 ግራም ገደማ ነው። አይረን የሚባለው የደም ማዕድንም 3.7 ሚሊ ግራም ያህል አለው፤ ይህ ለማንኪያ ብዙ ነው፣ ምንም እንኳ ከአትክልት የሚገኝ አይረን በሰውነታችን በሙሉ ባይወሰድም።

አሁን እናስላ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ቢያንስ 48 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከባድ ሥራ የሚሠራ ደግሞ ከዚያ በላይ ይሻል። አንድ ማንኪያ አብሽ ከዚህ የሚሸፍነው ከሃያ እጅ አንዱን ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የተቀቀለ ፉል 13 ግራም ገደማ፣ ያንኑ ያህል የተቀቀለ ምስር ደግሞ 18 ግራም ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ አብሽ ጡብ ቢኖረውም አንድ ሁለት ጡብ ነው። ግድግዳ የሚያቆመው ፉሉና ምስሩ ነው።

ከፕሮቲኑ ሌላ አብሽ ውስጥ ሳይንቲስቶችን የሳቡ ነገሮች አሉ። አንደኛው ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ የሚልገው አሰር ነው፤ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል። ሁለተኛው አራት ሃይድሮክሲ አይሶሉሲን የሚባል የፕሮቲን ዓይነት ንጥረ ነገር ነው፤ ከኢንሱሊን ሥራ ጋር ይያያዛል። ሦስተኛው ትሪጎኔሊን ነው። ስሙን ያገኘውም ከራሱ ከአብሽ የሳይንስ ስም ነው።

ጥናቶቹ ምን ይላሉ?

አንደኛ፦ በ2005 በአሜሪካ ሞንታና ተመራማሪዎች 6 ብስክሌት ነጂዎችን ካደከሙ በኋላ ስኳር አጠጧቸው፤ በአንዱ ዙር ስኳር ብቻ፣ በሌላው ዙር ስኳር ከአብሽ ጭማቂ ጋር። ከአብሽ ጋር ሲሆን ጡንቻቸው ውስጥ የተጠራቀመው የኃይል ስንቅ (ግላይኮጅን ይባላል) በ63 በመቶ በለጠ። ዜናው አስደሳች ነበር። ነገር ግን ከዚያው ቡድን የተውጣጡ ተመራማሪዎች በ2008 ሙከራውን በሌላ መልክ ሲደግሙት ልዩነት አላገኙም። ልብ በሉ፣ ጥናቱ ስለ ስንቅ መሙላት እንጂ የተጎዳ ክር ስለ መጠገንም አልነበረም።

ሁለተኛ፦ በ2010 በአሜሪካ ቴክሳስ 49 ክብደት ማንሳት የለመዱ ወንዶች ለ8 ሳምንት ተጠኑ። ከፊሎቹ በቀን 500 ሚሊ ግራም የአብሽ ጭማቂ ኪኒን፣ ከፊሎቹ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ኪኒን ወሰዱ። ሁሉም በሳምንት 4 ቀን ብረት ያነሱ ነበር። አብሽ የወሰዱት በእግርና በደረት የሚገፉት ክብደት ከሌሎቹ የበለጠ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች አንዳንዶቹ ትንሽ ጥቅም አሳይተዋል፣ አንዳንዶቹ አላሳዩም። ከነዚህ ጥናቶች በርካቶቹን በገንዘብ የደገፉት ኪኒኑን የሚሸጡ ኩባንያዎች መሆናቸውንም መርሳት የለብንም።

ሦስተኛ፦ በ2024 ኔቸር ሜታቦሊዝም በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ትሪጎኔሊን አንድ ትልቅ ጥናት ወጣ። በእርጅና ምክንያት ጡንቻቸው የሳሳ ሰዎች ደም ውስጥ ትሪጎኔሊን ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህንኑ ንጥረ ነገር ላረጁ አይጦች ሲሰጧቸው የጡንቻቸው ብርታት ተሻሻለ፤ ጡንቻ ኃይል የሚያመነጭበት የሴል ክፍልም በተሻለ ሠራ። እዚህ ላይ ቡና ወዳጆች ደስ ይበላችሁ! ትሪጎኔሊን ጥሬ ቡና ውስጥም አንድ በመቶ ያህል ይገኛል። ቡናው ሲቆላ ግን ከፊሉ ይፈርሳል፤ ከሚፈርሰውም ጥቂቱ ወደ ኒያሲን ማለትም ወደ ቫይታሚን ቢ3 ይለወጣል። ሆኖም አይጥ ሰው አይደለም። አብሽ የጠጣ ወይም ቡና ያበዛ ሰው ጡንቻው ይታደሳል ለማለት ይህ ጥናት አያበቃም።

ተማሪዎቻችን "ጥናት ተደረገ" የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተጠናው በማን ላይ ነው? ከምን ጋር ተነጻጸረ? ገንዘቡን ማን ከፈለ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የያዘ ሰው በቀላሉ አይታለልም።

ታዲያ እናቶቻችን ተሳስተው ነው እንዴ?

አልተሳሳቱም። እኛ እንደሚመስለን የተሳሳትነው እነሱ የሰጡትን ከፍለን የወሰድነው የኋለኞቹ ነን። አንዲት አራስ አብሽ ሲሰጣት ብቻውን ነበር ወይ? ከገንፎው ጋር፣ ከቅቤው ጋር፣ ከማሩ፣ ከወተቱ፣ ከአጥሚቱ ጋር ነው። አርባ ቀን ትተኛለች፤ እንስራ አትሸከምም፣ እንጨት አትለቅምም። ጎረቤት ሴቶች ገብተው ይሠሩላታል፣ ገላዋን ያጥቧታል፣ ያሿታል። የሱዳን ሴቶችም መዲደት ሑልባውን የሚያቀርቡት በዚያው በአርባ ቀን ዕረፍት ውስጥ ነው። መድኃኒቱ ጠቅላላው ነገር ነበር፤ ምግብ፣ ዕረፍትና ሰው። አብሽ በዚያ ገበታ ላይ ካሉት አንዱ ነው።

ዛሬ በስደት ያለ የቀን ሠራተኛ ግን ጠዋት በባዶ ሆዱ አንድ ብርጭቆ አብሽ ጠጥቶ ሲሚንቶ ሊሸከም ይሄዳል። ከጠቅላላው መድኃኒት ትንሿን ቁራጭ ወሰደ፣ ትልቁን ተወው ማለት ነው። ከዚያ "አብሽ አልሠራልኝም" ይላል። እንዴት ይሥራለት? ግንበኛው ጡብም ምሳም ዕረፍትም አላገኘም።

ስለዚህ መልሳችን ይህ ነው፦ አብሽ ረዳት ነው እንጂ ጠጋኝ አይደለም። ጡንቻን የሚጠግነው ሰውነታችን ራሱ ነው፤ ለእሱም ምግብ፣ ውሃና ዕረፍት መስጠት አለብን።

በአቅማችን ምን እናድርግ?

ሥጋ ግዙ አንልም፤ አቅማችንን እናውቃለን። ፉል በዳቦ፣ ምስር በሩዝ፣ ሽሮ በእንጀራ፣ ቢገኝ እንቁላል ወይም ወተት ይበቃል። ጥራጥሬና እህል አንድ ላይ ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። (ፉል ሲበላ ሽንቱ የሚጠቁር ወይም ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ሰው ግን ፉል ትቶ ሐኪም ይጠይቅ።) አዲስ ሥራ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሸክሙን ቀስ እያለ ይጨምር፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? ያመመንን ጡንቻ ጨርሶ ከማስተኛት ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይሻላል። በሰሊጥ ዘይት ቀስ ብሎ መታሸት ሕመሙን ያቀላል። አዲስ የደረሰ ወለምታ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አጥብቆ መታሸት የለበትም፣ ከውስጥ ያለው መድማት ይብሳል። አጥንት ተሰብሮ እንደሆነ ከተጠረጠረ ደግሞ ጉዳዩ የአብሽም የእሽትም አይደለም። ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው ማሰሪያ ደም ተቋርጦ እጅ ወይም እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ሰዎች አሉ።

አብሽ መጠጣት የሚወድ ይጠጣ። አዘገጃጀቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦ ዱቄቱን ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ መበጥበጥ፣ ሲጠል ከላይ ያለውን መራራ ውሃ መድፋት፣ እስኪነጣና አረፋ እስኪሆን መምታት፣ ማር ወይም ስኳር መጨመር። በሙቀት ጊዜ ከማሳደር ይልቅ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ የተመታውም በዕለቱ ይጠጣ። ላብና ሽንት የአብሽ ሽታ ቢያመጡ አትደንግጡ፣ የተለመደ ነው።

የሚከተሉት ሰዎች ግን ይጠንቀቁ፦

1. ነፍሰ ጡር ሴቶች። በወጥና በቅቤ ውስጥ ያለው ምንም አይደለም፤ በብዛት መጠጣት ግን ማሕፀንን ሊያነሳሳ ይችላል።
2. የስኳር በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ። አብሽም ስኳር ስለሚያወርድ ሁለቱ ተደምረው ከልክ በላይ ሊያወርዱት ይችላሉ።
3. ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (ዋርፋሪን) የሚወስዱ። ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አይጠጡ።
4. ኦቾሎኒ ወይም ሽምብራ ሲበሉ የሚያሳክካቸው ወይም የሚያብጡ ሰዎች። አብሽ ዘመዳቸው ነውና ሊያስነሳባቸው ይችላል።
5. ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት። ከእናት ጡት በቀር የአብሽ ውሃም ሆነ ሌላ አይሰጣቸው።

ማንኛውንም ኪኒን የሚወስድ ሰው አብሹን ከኪኒኑ በሁለት ሰዓት ያህል አራርቆ ይጠጣ። የሚልገው አሰር መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል።

አብሽ የማይጠበቅበት ጊዜ

ይህን ክፍል ላላነበበ ሰው እባካችሁ አንብቡለት። በካርቱምና በአካባቢዋ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ውሃ ሳይጠጣ ከባድ ሸክም የዋለ ሰው ጡንቻው ከልክ በላይ ሊፈርስ ይችላል። የፈረሰው የጡንቻ ቆሻሻ በደም ተጉዞ ኩላሊትን ይዘጋል። ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ምልክቱ ሽንት እንደ ሻይ ወይም እንደ ኮካ ኮላ መጥቆር፣ የጡንቻ ከባድ ሕመምና እብጠት፣ የጉልበት መክዳት ነው። እንዲህ የሆነ ሰው አብሽ እስኪመታለት አይጠብቅ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሙስተሽፋ ይሂድ። ቶሎ ከደረሰ በግሉኮስና በጨው ውሃ ብዙውን ጊዜ ይድናል፤ ከዘገየ ኩላሊቱን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉትን የሕመም ማስታገሻዎች መዋጥም ኩላሊቱን ይበልጥ ይጎዳዋል።

እንዲሁም ከወደቁ በኋላ እግር መርገጥ ካልቻለ፣ የታመመው ቦታ ከቀላና ትኩሳት ካመጣ፣ ወይም እግርና እጅ ከደነዘዘ ሐኪም ይታይ።

ለክፍል ውይይት

1. የጡንቻ ጥገና ላይ ግንበኛው፣ ጡቡ፣ ምሳውና የሥራ ሰዓቱ ምን ምን ናቸው?
2. የ2005ቱና የ2008ቱ ጥናቶች የተለያየ ውጤት ማምጣታቸው ምን ያስተምረናል?
3. ትናንት የበላችሁትን ሁሉ ጻፉና ፕሮቲን ያለበትን አስምሩበት። ምን ቢጨመር ይሻላል? ዋጋውስ ስንት ነው?
4. እናቶቻችሁን ወይም የሰፈር አሮጊቶችን ስለ አብሽ ጠይቁ። ከአብሹ ጋር ምን ምን አብሮ ይሰጥ እንደነበር ጽፋችሁ አምጡ።